ርእሰ አንቀጽ፦ አናጢውና አዲሱ መኪና

በወገዳ ከተማ ቤት ሠርቶ በር የሚያስፈልገው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ የሰፈሩን አናጢ ያዛል፣ ወይም ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚመጣውን ባለ ቅርጽ በር ይገዛል። ገንዘብ ያለው ሁለተኛውን ሲመርጥ እናያለን። ምክንያቱ የእኛ አናጢ ሙያ ስላነሰው አይደለም። ዐሥር በር ቢታዘዝ ዐሥሩንም አንድ ዓይነት አድርጎ በቀጠሮው ቀን ለማስረከብ መሮና መላጊያ ብቻ ስለማይበቁት ነው። ስለዚህ የስማዳ፣ የጋይንትና የእስቴ ገንዘብ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ገንዘቡንም ተከትሎ ሙያ የለመደው ወጣት ይሄዳል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ በኮምፒዩተር የሚመራው የእንጨት መቅረጫ መኪና ነው፤ ባለሙያዎች ሲኤንሲ ራውተር ይሉታል። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ሥዕሉ በኮምፒዩተር ይነደፋል፤ ንድፉ ወደ ቁጥር ትእዛዝ ይለወጣል፤ በደቂቃ እስከ 24,000 ጊዜ ሊሽከረከር የሚችለው መቁረጫም ትእዛዙን እየተከተለ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች እየሄደ እንጨቱን ይቀርጻል። መኪናን በቁጥር የመምራት ዘዴ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1952 እ.ኤ.አ. ሲታይ ለአውሮፕላን ሥራ የታሰበ ውድ ነገር ነበር። ዛሬ ግን በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ለአነስተኛ ወርክሾፕ የሚሆን ዓይነት በገበያ ይገኛል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ የተነደፈ ሐረግ መቶ ጊዜ ሳይዛነፍ ይደገማል። 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነ ጣውላ ላይ ክፍሎቹ ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ ብጥስጣሹ ይቀንሳል። በእጅ ቀናት የሚፈጀው ቅርጽ በሰዓታት ያልቃል፤ አናጢውም ጊዜውን ለመግጠምና ለማሳመር ያውለዋል።

ሆኖም መኪናው ተአምር አይሠራም። ያልደረቀ እንጨት በመኪና ቢቀረጽም መጣመሙ አይቀርም። መብራት በድንገት ሲቋረጥ መኪናው የነበረበትን ነጥብ ስለሚስት የተጀመረው ሥራ ሊበላሽ ይችላል። የእንጨቱ ብናኝም መሳቢያ ካልተደረገለት ሳንባ ይጎዳል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከሌለ መኪናው ሸራ ለብሶ ጥግ ይቀመጣል።

ይህም ለአገራችን አዲስ ታሪክ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አሠርተው ነበር። ታላቁ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንት ምድር በኩል አልፎ፣ ጨጨሆን ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። አባቶቻችን መንገዱን ጠረጉ፣ መድፉን ጎተቱ። ነገር ግን መድፉ አለፈ እንጂ የማቅለጡ ጥበብ በሕዝቡ መካከል ሥር አልሰደደም። ባለ እጁን «ቀጥቃጭ» እያልን የምንሰድብ ሰዎች ጥበብ ከወዴት ሊበቅልልን ይችላል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ነገር ግን ስድቡ ከአንዳንዶቻችን አፍ ገና አልጠፋም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ አናጢ ብቻውን መኪናውን መግዛት ቢከብደው አምስትና ስድስት ሆነው በማኅበር ይያዙት። የካፒታል ዕቃ ኪራይ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደ ሥራ ነው፤ አከራዩ ድርጅት መኪናውን ይገዛል፣ ተከራዩ እየሠራ ይከፍላል፣ እንደ ውሉም በመጨረሻ የራሱ ሊያደርገው ይችላል። ይህን መንገድ የማያውቅ አናጢ ብዙ ነው። የሚነግረው ማን ነው?

እኛ ነን። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን የምህንድስና ንድፍ የምንማር ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ኮምፒዩተራችንን ይዘን ወደ አናጢው ደጅ እንሂድ። እኛ ንድፉን እናስተምረው፤ እርሱ ደግሞ ዋንዛ እንዴት እንደሚደርቅና ጽድ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ያስተምረን፤ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አናገኘውምና። ሲጠራም «ጌታዬ» ተብሎ ይጠራ።

አያቶቻችን ሴባስቶፖልን ጎትተው አሳለፉ። የእኛ ትውልድ ግን የሚመጣውን መኪና የሚያሳልፍ ሳይሆን ጥበቡን በአገሩ የሚያስቀር መሆን ይገባዋል።