አኅጽሮተ ቃልና ጣጣው

ረጅሙን ቃል አሳጥሮ መጻፍ የጥንት ልማድ ነው። ብራና ውድ በነበረበት ዘመን ጸሐፊው ተደጋግሞ የሚመጣውን ቃል በአንድ ወይም በሁለት ፊደል እያመለከተ ያልፍ ነበር። ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ ቢበዛም ጊዜው ስላነሰን ልማዱ ከቀድሞው ይልቅ ተስፋፋ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ አኅጽሮተ ቃል ከናካቴው ይጥፋ ብለን ለመሟገት አልተነሣንም። የተነሣንበት ምክንያት ሌላ ነው። በአንድ ሙያ ቤት ተወልዶ ያደገ አኅጽሮት ደጁን ተሻግሮ ወደ ሌላው ቤት ሲገባ ትርጉሙ እንደሚለወጥ፥ ከዚህም የተነሣ በሰው ላይ ምን ያህል ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል በቅርብ ዘመዳችን ላይ ስላየን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገጠር ከተማ የሚኖሩት አክስታችን የደም ግፊት ጠንቶባቸው አዲስ አበባ መጡና ሆስፒታል ተኙ። በ6ኛው ቀን ተሽሏቸው ሲወጡ፥ በአገራቸው ላለው ጤና ጣቢያ የሚሰጥ አንድ ወረቀት ተጻፈላቸው። በወረቀቱ ራስጌ በላቲን ፊደል «ዲ.ሲ.» የሚል ተጽፎ፥ ከሥሩ የ3 መድኃኒቶች ስም ተዘርዝሯል። የጻፈው ሐኪም «ከሆስፒታል ወጥተው የሚወስዷቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው» ማለቱ ነበር። በጤና ጣቢያው ወረቀቱን የተቀበለው ባለሙያ ግን «እነዚህ 3 መድኃኒቶች እንዲቋረጡ ታዟል» ብሎ አነበበው። አክስታችንም፥ መቼም ኪኒን መዋጥ የሚወድ የለምና፥ «ተመስገን፥ ተገላገልሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በ11ኛው ቀን ራሳቸውን ያዞራቸው፥ ዓይናቸውንም ያጭበረብራቸው ጀመር። ልጃቸው ደግፎ ወደ አዲስ አበባ መለሳቸው። ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ ደነገጠና «እማማ፥ መድኃኒቱን አቁሙ ያለዎት ማን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም «ማን ይለኛል ልጄ፤ የናንተው ወረቀት ነው እንጂ!» አሉት። እግዚአብሔር ይመስገን ሕክምናው በጊዜው ስለ ደረሰላቸው ዳኑ። ሳይደርስ ቢቀር ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በዚህ ነገር ጥፋተኛውን ለማግኘት ብንደክምም አላገኘነውም። የእንግሊዝኛው የሕክምና አጻጻፍ እነዚሁን ሁለት ፊደላት ለሁለት ነገር ይጠቀምባቸዋል። አንዱ «ዲስቻርጅ»፥ ማለት በሽተኛውን ከሆስፒታል ማሰናበት ነው። ሁለተኛው «ዲስኮንቲኒው»፥ ማለት መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን አስቦ ጻፈ፤ አንባቢው ሁለተኛውን አስቦ አነበበ። ሁለቱም እንደ ተማሩት ሠሩ። ወረቀቱም አልዋሸም። በመካከል የተጎዱት ግን ፊደሎቹን ጨርሶ የማያነቧቸው አክስታችን ናቸው።

ይህን ካየን በኋላ አንድ ነገር ለመሞከር ፈለግን። ሁለቱን ፊደላት በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፥ በዩኒቨርሲቲ አብረውን ለነበሩና ዛሬ በየሙያው ለተበተኑ ጓደኞቻችን በቡና ሰዓት አዞርንላቸው። «ይህ ምን ማለት ነው?» ከማለት በቀር አንዳች ፍንጭ አልሰጠናቸውም።

የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ገና ሳያየው «ቀጥተኛ ኮረንቲ ነዋ!» አለ። አቅጣጫውን ሳይለውጥ ባንድ ወገን ብቻ የሚሄደው ኮረንቲ ነው። የመኪና ባትሪ የሚሰጠው እንዲህ ያለውን ነው፤ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ካለው ማቀበያ የሚመጣው ግን አቅጣጫውን የሚለዋውጠው ነው። ቶማስ ኤዲሶን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ከተማ ያቋቋመው የመብራት ማመንጫ በቀጥተኛው ኮረንቲ የሚሠራ ነበር። በኋላ ተለዋዋጩ አሸንፎት ዓለምን ቢያዳርስም ቀጥተኛው ፈጽሞ አልጠፋም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሚንቀሳቀሰው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ 1,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ኬንያ የሚደርሰውና በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከፍተኛ የኃይል መስመርም እንዲሁ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይሸከማል። መሐንዲሱ ይህን ሁሉ በኩራት ከዘረዘረልን በኋላ «ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» ብሎ አፈጠጠብን።

ሙዚቃ የተማረው ጓደኛችን ሣቀበት። ለእርሱ «ዲ.ሲ.» ማለት «ዳ ካፖ» ነው። ጣሊያኖች «ከራሱ» ለማለት የሚጽፉት ቃል ሲሆን፥ ተጫዋቹ እዚያ ምልክት ላይ ሲደርስ ወደ ዜማው መጀመሪያ ተመልሶ እንዲደግመው ያዝዛል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። በጤና ጣቢያው ወረቀት ላይ «ተው፥ አቁም» ተብሎ የተነበበው ትእዛዝ፥ በሙዚቃ ወረቀት ላይ «እንደገና ጀምር» ማለት ሆኖ ተገኘ!

ታሪክ ያጠናው ደግሞ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «600» አለን። በሮማውያን አኃዝ ዲ 500፥ ሲ 100 ነውና ተሳስቷል ማለት አይቻልም። በኮምፒዩተር ሥራ የተሰማራው «የመረጃ ማዕከል» አለ። በመጨረሻ ቡናውን የምታቀርብልን ወጣት በትከሻችን ላይ አዘንብላ አየችና «እኅቴ ያለችበት አገር!» አለች። እርሷም እውነቷን ነው። የአሜሪካው ዋና ከተማ ዋሺንግተን በሁለቱ ፊደላት የሚጠራው «የኮሎምቢያ ወረዳ» ለማለት ሲሆን፥ በከተማይቱና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ በአገራችን ከሐኪሙም ከመሐንዲሱም ትርጉም ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ባንድ የቡና ገበታ ዙሪያ 5 ሰዎች ለሁለት ፊደል 5 ትርጉም ሰጡ። የሚያስደንቀው የትርጉሙ መብዛት አይደለም። የሚያስደንቀው ከ5ቱ አንዱ እንኳ «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ ሳይጠይቀን፥ ሁሉም ባንድ አፍ እርግጠኛ ሆኖ መመለሱ ነው። የአኅጽሮተ ቃል አደገኛነቱም ይኸው ነው። የማናውቀው ቃል ሲያጋጥመን እንጠይቃለን፤ የምናውቅ የመሰለንን ቃል ግን ማንም አይጠይቅበትም።

ጣጣው የኛ ብቻ ነው ብለን እንዳናፍር፥ በሕክምና ገፍተው የሄዱትም አገሮች አላመለጡትም። በአሜሪካ የጤና ተቋማትን እየመረመረ ብቃታቸውን የሚያረጋግጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ሐኪሞች እንዳይጠቀሙባቸው የከለከላቸውን አኅጽሮቶች ዝርዝር አውጥቷል። በዝርዝሩ ካሉት አንዱ «ዩኒት» የሚለውን የመድኃኒት መለኪያ በአንድ የላቲን ፊደል ብቻ መጻፍ ነው። ያ ፊደል በችኮላ በእጅ ሲጻፍ ዜሮ ስለሚመስል፥ 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሁለተኛው «ኤም.ኤስ.» ነው። ይህ ለአንዱ ሞርፊን ሰልፌት የተባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፥ ለሌላው ማግኒዥየም ሰልፌት ሊሆን ይችላል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብንወስደው ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ማዕረግ ሆኖ በየግድግዳው ይሰቀላል። የአክስታችን «ዲ.ሲ.»ም ቢሆን፥ በመድኃኒት አጠቃቀም ላይ የሚደርሱትን ስሕተቶች የሚከታተል ሌላ የአሜሪካ ተቋም ለስሕተት የሚያጋልጡ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አጻጻፎች መካከል ይገኛል። የሰጠው ምክንያትም አክስታችን ላይ የደረሰው ራሱ ነው።

በአማርኛችንስ? እዚህም ቢሆን ከነገሩ ነፃ አይደለንም። አንድ ቄስ «መዝ. 23» የሚል ቢያዩ ዳዊታቸውን ይገልጣሉ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢያየው ግን ወደ መደርደሪያው ሄዶ ፋይል ይፈልጋል። «ወ/ማርያም» ተብሎ የተጻፈውን ስም ወልደ ማርያም እንበለው ወይስ ወለተ ማርያም? ባለስሙ ወንድ ይሁን ሴት ካላወቅን ልንወስን አንችልም። በጦር ሠራዊት ማዕረግም «ሻ/» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ሻምበሉንና ሻለቃውን ያደባልቃል። ይህ ከተራ ጨዋታ አልፎ፥ ለውርስ ወይም ለጡረታ ወረቀት ለሚመላለስ ሰው ስንት የደጅ ጥናት ቀን እንደሚያስከትል የደረሰበት ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ አኅጽሮት ሁሉ ክፉ አለመሆኑን ለማስረዳት ከአገራችን ሊቃውንት የተሻለ ምስክር የለንም። በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚታዩት የዜማ ምልክቶች አብዛኞቹ ከታወቁ የዜማ ቃላት የተወሰዱ አጫጭር ፊደላት ናቸው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል እንደ ሠሩዋቸው ይነገራል። ያልተማረ ሰው ቢያያቸው የተበተነ ፊደል ይመስሉታል። መሪጌታው ግን አንዷን ፊደል አይቶ ሙሉውን ዜማ ያወጣዋል። ለምን ቢሉ፥ ጸሐፊውም አንባቢውም በአንድ ትምህርት ያለፉ፥ ዓመታት ከመምህር እግር ሥር የቆዩ ናቸውና ነው። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አኅጽሮተ ቃል የሚያገለግለው አንድ ትምህርት የተማሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉበት ነው። ወረቀቱ ያን ቅጽር አልፎ ወደ ውጭ ከወጣ ግን አኅጽሮቱ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን ይሆናል።

ምናልባት አንዳንድ ባለሙያዎች «እናንተ ወጣቶች ቡና እየጠጣችሁ ትጽፋላችሁ፤ እኛ ግን ደጃችን ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀን ሰው ብዙ ነው፤ ቃሉን ሁሉ እያስረዘምን የምንጽፍበት ጊዜ ከየት ይምጣ?» ይሉን ይሆናል። ችግራቸው እውነት መሆኑን አንክድም። ሐኪሙ በገዛ ክፍሉ ከሥራ ጓደኛው ጋር በሚጻጻፍበት መዝገብ እንደ ልቡ ቢያሳጥር አንቃወምም። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሁለት ቃል ላለመጻፍ የተቆጠበው ደቂቃ፥ አክስታችንን 11 ቀን ያለ መድኃኒት አስቀምጦ፥ ልጃቸውን ከሥራ አስፈትቶ፥ ሐኪሙንም ያንኑ በሽታ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያክም አድርጎታል። እንዲህ ያለውን ቁጠባ ቁጠባ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፥ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በሚሄድ ወረቀት ላይ አኅጽሮቱ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ ሙሉ ቃሉ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይቻላል። ሁለተኛ፥ በሽተኛ ይዞት ወደ ቤቱ በሚገባው ወረቀት ላይ ትእዛዙ እርሱ ወይም ልጁ ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ ሳያጥር ይስፈር። ሦስተኛ፥ ወጣት ባለሙያዎችን የሚያሠለጥኑ መምህራን አኅጽሮቱን ሲያስተምሩ፥ ይኸው ፊደል በጎረቤት ሙያ ምን ማለት እንደ ሆነም ጨምረው ያስተምሩ። እኛ ራሳችን በዩኒቨርሲቲ ዓመታት አኅጽሮተ ቃል ሸምድደን ስንመረቅ፥ አንድ ቀን እንኳ ይህ ፊደል ከዚህ ግቢ ውጭ ምን ይባላል ብሎ የጠየቀን መምህር አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ለአንባቢም አንድ የምንለው አለ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወረቀት ተቀብለን ከመስኮት ዞር በምንልበት ጊዜ ግን እንረሳዋለን። ያልገባንን ፊደል «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ከዚያ ይልቅ የገባን የመሰለንን መጠየቅ ይበልጣል።

አክስታችን ለሁለተኛ ጊዜ ከሆስፒታል ሲወጡ ያው ሐኪም ሌላ ወረቀት ጻፈላቸው። በዚህኛው ራስጌ በአማርኛ «እነዚህን መድኃኒቶች ሳያቋርጡ ይውሰዱ» ይላል። ቆጠርነው፤ 4 ቃል ነው። ወረቀቱን አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጥረው ይዘውታል፤ ሰው ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥርም ፈትተው «እስቲ አንብብልኝ» ይላሉ። እስካሁን ያነበበላቸው ሁሉ፥ መምህሩም፥ ነጋዴውም፥ የጎረቤት ተማሪውም፥ አንድ ዓይነት አድርጎ አንብቦላቸዋል።