ዋጋውን ለምን ትደብቃላችሁ?

ባለፈው ግንቦት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የነርስ ምረቃ ድግስ ላይ ነበርሁ። ተመራቂዋ የወረታ ልጅ ናት። አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ በአርባ ዓመቷ ነርስ ሆነች። ሽማግሌዎች መረቁ፣ እልልታው አዳራሹን ሞላው፣ «አሁንማ አለፈልሽ» ያላላት የለም። ማታ ስጦታዋን ተሸክሜ መኪናዋ ድረስ ስሸኛት፣ «ጋሼ፣ 52,000 ዶላር ዕዳ አለብኝ። ለእናቴም አልነገርኋት» አለችኝና አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ ምን ሆነናል? ይህች ልጅ አሜሪካ በገባች በሳምንቷ «ነርሲንግ ተማሪ» ያላላት አልነበረም። በሰዓት ስንት እንደሚከፈል ነገርናት። ተበድረን መማራችንን ግን ማናችንም አልተነፈስንም። «መንግሥት ይከፍልልሻል» አልናት። ከአገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለመጣ ሰው ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት ድጎማ እንደማይሰጥ እያወቀ ዝም ያለ ስንት አለ! ወረፋ የሌለው የማታ ትምህርት ቤት አሳየናት፣ ፈረመች። የመንግሥቱ ብድር አልበቃ ሲል ከግል ባንክ ጨመረች። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አፍንጫዋ ሥር ነበር፤ ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው ከማታው ትምህርት ቤት በእጅጉ ያነሰ ነው። አገር ቤት ያልከፈለችው የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ዕዳ ስለነበረባት የውጤት ማስረጃዋም በጊዜው አልተላከላትም። ወረታ ላይ ለዓመታት ሒሳብ ያስተማረች ሴት፣ አልጀብራን በብድር ዶላር እንደገና ተማረች። ያን ዕዳ ቀድማ እንድትዘጋ አንድ ሰው ቢነግራት ኖሮ!

በእኛ አገር ዕዳ እንዲህ አይደበቅም ነበር። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በቡድን ዋስትና ሲያበድር፣ አባቴ ለማዳበሪያ ስንት እንደወሰደ ጎረቤቶቹ ያውቁ ነበር፤ እሱ ቢያቅተው የሚጠየቁት እነሱ ናቸውና። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ማሳ የበሉበት ዓመት ማን ምን እንደቀረበት አገር ያውቀዋል። ሩዙስ? ዛሬ ሩዝ የሚዘራበት፣ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ቀድሞ ለፎገራ ላም ግጦሽ ነበር። ኤክስ ጅግና የሚባለውን የሩዝ ዝርያ ቀድሞ የዘራ ጎረቤታችን፣ አረሙ እንዴት እንዳስለቀሰው፣ ስንት ኩንታል እንዳገባ፣ ዘሩን በስንት እንደገዛ ለጠየቀው ሁሉ ይዘረዝር ነበር። ጠያቂው በሚቀጥለው ክረምት አብሮት ይዘራል። አባቴም የዘራው እንዲያ ሰምቶ ነው።

እዚህ ግን ለአዳራሽ እናዋጣለን፣ ለሐዘን በአንድ ሌሊት ሺህ ዶላር እንሰበስባለን፣ ዕቁብ እንጥላለን፤ የብድር ወረቀት ግን ለእህታችን እንኳ አናሳይም። የምናውቀውንም አንናገርም፦ ለትርፍ በማይሠራ ሆስፒታል ወይም በመንግሥት ተቋም ሙሉ ሰዓት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ የከፈለ ሰው የፌዴራል ብድሩ ቀሪ ይሰረዝለታል። ይህ ሕግ በፈረንጆች 2007 የወጣ ነው። የግል ባንክ ብድር አይመለከተውም። ልዩነቱ የገባቸው ነርሶች በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ከቅዳሴ በኋላ አስር ደቂቃ ቆመው ለአዲስ ገቢዎች ሲያስረዱ አላየሁም። አፍረው ከሆነ፣ በእነሱ ሐፍረት ሌላ ሰው ዕዳ ውስጥ እየገባ ነው።

በዚያ ድግስ ተመራቂዋን አቅፋ ፎቶ የተነሳች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከመጣች አራት ወሯ ነው። ለዚያው ትምህርት ቤት ለመስከረም መመዝገቢያ ከፍላለች። «ስንት ያስከፍላሉ?» ብላት፣ «እሱን ገና አልጠየቅሁም፣ ጋሼ» አለችኝ።