«ድንጋይ አምላኪ» ከማለታችን በፊት

በክፍላችን ክርክር በተደረገ ጊዜ ተቃዋሚን ዝም ለማሰኘት ከሚወረወሩት ቃላት አንዱ «ድንጋይ አምላኪ» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ለመናገርም ድካም የለውም። አንዳንድ ጊዜ በሕንዶች ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም በገዛ አያቶቻችን ላይ ይነገራል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ ቃል ሰውን ከመጠየቅ የሚያሳርፍ የስንፍና ቃል ነው፤ ምክንያቴንም መምህራን፣ ወላጆችና ጓደኞቼ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሕንዶች ጥቂት ልናገር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ነበር፤ ከነሱም ውስጥ ክርስቲያኖችም ሂንዱዎችም ነበሩ። ከአያቶቻችን መካከል ሂሳብና ሳይንስ ከነሱ የተማሩ አሉ። ሂሳቡን ተማሩ፤ ስለ መምህሩ እምነት ግን ደፍሮ የጠየቀ ስንት ተማሪ ይሆን?

በኔፓል ከሂማላያ ተራሮች የሚወርድ ጋንዳኪ የሚባል ወንዝ አለ። በዚህ ወንዝ ውስጥ ሻሊግራም የሚሉት ጥቁር ድንጋይ ይገኛል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ሲመረምሩት፣ በጥንት ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ ቅርፊቱ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ አሞናይት የሚባል እንስሳ ቅሪት ነው ይላሉ። ሂንዱዎች ደግሞ ቪሽኑ የተባለው አምላካቸው በዚህ ድንጋይ ውስጥ አለ ብለው ያምናሉ፤ ጥቅልሉም ቪሽኑ በእጁ የሚይዘው ቻክራ የተባለው መንኰራኵር ምልክት ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ማንም ሰው ከወንዝ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ አንሥቶ አይሰግድለትም። አዋቂ የሆነው ሰው ድንጋዩን ያገላብጣል፤ ጥቅልሉ ስንት እንደ ሆነ ይቆጥራል፤ ቀዳዳው በየት በኩል እንደ ተከፈተ፣ ቀለሙና ልስላሴው ምን እንደሚመስል ይመረምራል፤ ከዚህም በኋላ ይህ ቪሽኑ በአንበሳ መልክ የተገለጠበት ነው፣ ይህ ደግሞ ሌላው መልኩ ነው ብሎ ይለያል። ይህ እንደ ትምህርት የሚጠና ነገር ነው።

ድንጋዩ ከታወቀ በኋላ ወደ ቤት ገብቶ በውሃ ይታጠባል፤ ቱልሲ የሚባል ቅጠልም ይቀርብለታል። (ቱልሲ የኛ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ይህን ሳነብ በጓሯችን ያለውን በሶብላ በሌላ ዓይን ተመለከትሁት።) ከአባትም ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው፤ የሰው እጅ ለቀረጸው ምስል ካህናቸው ሕይወት ይገባበት ዘንድ ልዩ ሥርዓት ያደርግለታል፤ ለሻሊግራም ግን ይህ ሥርዓት አያስፈልገውም። እርሱ የተገኘ እንጂ የተሠራ አይደለምና።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከዚህ ከዘንገና ተነሥቶ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው፣ በጣና ገዳማት የድንጋይ ደወል ያያል። ረዘም ያለ ድንጋይ በገመድ ወይም በእንጨት ላይ ይንጠለጠላል፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮኻል። ጆሮ ያለው ሰው ከብዙ ዝም ካሉ ድንጋዮች መካከል የሚናገረውን መርጦታል ማለት ነው። በጣና ቂርቆስ ደሴት ደግሞ አናታቸው ጎድጐድ ያለ አጫጭር የድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ የገዳሙ አባቶች በኦሪት ዘመን የመሥዋዕት ደም ይፈስባቸው ነበር ይላሉ። እንደ አባቶች ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት በዚያች ደሴት 800 ዓመት ተቀምጣለች። እነዚያን ዓምዶች አይቶ «ተራ ድንጋይ ናቸው» ብሎ የሚያልፍ ክርስቲያን አላውቅም።

ስለ ጽላትም እንዲሁ ነው። ጽላት ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ይሠራል፤ ነገር ግን ጳጳስ ሳይባርከው ጽላት አይባልም፤ ከተባረከም በኋላ ምእመን አያየውም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰደው ንብረት መካከል 11 ጽላት በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየም ለማሳየት የተቋቋመ ቤት ነው፤ እነዚህን ግን ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ የራሱ ሠራተኞችም አይመለከቷቸውም። የማያዩትን ነገር ለምን እንደሚያስቀምጡት ለእነሱ መተው ይሻላል። ለእኔ ግን ይህ ሙዚየም፣ አንድ ነገር ከተሠራበት እንጨትና ድንጋይ በላይ ሊሆን እንደሚችል በሥራው መስክሯል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ «ታቦትን ከሕንድ ጠጠር ጋር ታስተካክላለህን?» ብለው ይቆጡ ይሆናል። አላስተካክልም። ቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ ስግደትን ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የጸጋ ስግደትን ደግሞ ለቅዱሳንና ለንዋያተ ቅድሳት ለይታ ታስተምራለች፤ ሂንዱው ግን በሻሊግራሙ ፊት አምላኩ ራሱ አለ ብሎ ይሰግዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለመከባበር ብለንም መደበቅ አይገባንም። እኔ የምለው፣ ይህን ልዩነት ለማወቅ የቻለው የጠየቀ ሰው ብቻ መሆኑን ነው። ቃሉን ወርውሮ የሚሄደው የሂንዱውንም የራሱንም ሳያውቅ ይቀራል።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ስለ ሕንድም ስለ ለንደንም አይደለም፤ ስለ አድባር ነው። በግንቦት ልደታ እናቶች ንፍሮ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው ከትልቅ ዛፍ ሥር ሲሰበሰቡ ያላየ የለም። በአንዳንድ ስፍራ ከዛፉ ሥር ቅቤ የሚቀባ ድንጋይ አለ። ማን አስቀመጠው? ከብዙ ድንጋይ መካከል ስለምን እርሱ ተመረጠ? ይህን የሚያውቁት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ። በአንድ መንደር እንዲህ ያለውን ድንጋይ ጎረምሶች አንከባለው ለቤት መሠረት ወሰዱት፤ «ጣዖት አጠፋን» ብለውም ሳቁ። በማግሥቱ አንዲት እናት እንደ ልማዳቸው ቅቤያቸውን በቅጠል ይዘው መጡ። ድንጋዩን ባጡ ጊዜ አልተሳደቡም፤ ጎንበስ ብለው ቅቤውን ድንጋዩ ተነሥቶ በቀረው ባዶ መሬት ላይ ቀቡ። ጎረምሶቹ የወሰዱት ድንጋዩን ብቻ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ክርስቲያን ተማሪ ወይም ሙስሊም ተማሪ ሄዶ ቅቤ ይቀባ አላልሁም። የኔታም፣ ሼሁም፣ ፓስተሩም አይሆንም ቢሉ በትምህርታቸው ነው። ሆኖም አለማምለክ አንድ ነገር ነው፤ ማፍረስ ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩ የተነሣ እንደ ሆነ ዛፉም ብዙ አይቆይም፤ ያስጠበቀው ፍርሃት ጠፍቷልና ምሳር ይገባበታል። የአገው አባቶች ታሪክም አብሮ ይጠፋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ በዚያ ያሉ አገዎች ለምንጩ ከብት እያረዱ እንደሚያከብሩት ጽፏል። ዛሬ በዚያው ስፍራ ክርስቲያኖች ጠበል ይጠመቃሉ። የእምነቱ ስም ተለውጧል፤ የቦታው ክብር ግን አለ። ያንን የድሮ ሥርዓት ለማወቅ የባዕድ ሰው መጽሐፍ መግለጥ ግድ የሆነብን በጊዜው የጻፈው የኛ ሰው ስላልተገኘ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ በዘንገና ዙሪያ ያሉትን እንዲህ ያሉ ድንጋዮችና ዛፎች እንዲመዘግብ አሳቤን አቀርባለሁ። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ሁለት ሁለት ሆነን በየመንደሩ እንሂድ፤ አስቀድመን ሽማግሌዎችን እናስፈቅድ፤ ሳይፈቀድልን አንንካ፣ ፎቶግራፍም አናንሣ። የድንጋዩን ስም፣ በማን ዘመን እንደ ታወቀ፣ በምን ምልክት እንደ ተለየ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከበር እንጠይቅ። አዛውንቶቹ በአዊኛ የተናገሩትን በአዊኛ እንጻፍ፤ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። ወላጆችም ይህን ገጽ ካነበባችሁ፣ ልጃችሁ ደብተር ይዞ ወደ አያቱ በሄደ ጊዜ «ይህ የአሮጊት ነገር ምን ያደርግልሃል» ብላችሁ አትመልሱት። ግንቦት ሳይደርስ ብንጀምር መልካም ነው፤ በልደታ ዕለት እናቶች ሁሉ በአንድ ላይ ይገኛሉና።