ድንቅነሽ በሪፈር ስትሄድ

ድንቅነሽና ሰላም እ.ኤ.አ. በ2025 ፕራግ በሚገኘው የቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ለእይታ ሲቀርቡ፣ የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ጎረቤቴ «አርፈው ቢቀመጡ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አሜሪካ ስትሄድ፣ ትልቁ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም እንኳ አጥንቷ ለጉዞ አይሆንም ብሎ ሳያሳያት ቀርቷል።

እኔ በነርስነት ዘመኔ ብዙ በሽተኛ በሪፈር ልኬአለሁ። ሪፈር የሚጠቅመው በሽተኛው በደህና ሲመለስ፣ የምርመራው ውጤት ወደ ላከው ጤና ጣቢያ ሲመጣና የላከውም ባለሙያ ከዚያ ሲማር ነው። የሙዚየሞችንም ትብብር የምመዝነው በዚሁ ነው።

ድንቅነሽ በ2013 በደህና ተመልሳለች። እዚያ ሳለች በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀናት ሲቲ ስካን ተነስታ ከ35,000 በላይ ምስል ወጥቶላታል። ተመራማሪዎቹ በ2016 የትከሻዋን ስብራት አይተው «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» አሉ። ከከፍታ የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ሲደገፍ ትከሻው እንዲህ እንደሚሰበር የአጥንት ሐኪሞች ያውቁታል። ያገኟት ዶናልድ ዮሐንሰን ግን አልተቀበሉትም፤ ሌሎችም አልተስማሙም። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ የትከሻዋና የጉልበቷ ምስል ማንም ተማሪ በነፃ እንዲያገኘው ተለቋል።

ሦስተኛው፣ ማለትም የባለሙያው መማር፣ ከሁሉ ይበልጣል። ዮሐንሰን በ1974 ድንቅነሽን ሲያገኟት የሚሠሩት በአሜሪካው የክሊቭላንድ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር፤ ለጥናትም ወደዚያው ወስደው መልሰዋታል። ከዓመታት በኋላ በዚያው ሙዚየም፣ በዚያው የሥራ ክፍል ኃላፊ ሆነው የሠሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ናቸው። ቡድናቸው በ2016 አፋር ውስጥ ወራንሶ ሚሌ ላይ ያገኘው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል የሚጠበቀው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ ቅርሳችን ሲጓዝ «ለምን ሄደ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «ከእኛ ሰው ማን አብሮ ሄደ? ምን ሙያ ይዞ ተመለሰ?» ብላችሁም ጠይቁ። ልጆቹን አምስት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ስትወስዱ፣ በመስታወት ውስጥ የሚያዩት የድንቅነሽ ቅጂ መሆኑን ንገሯቸው። ዋናዋን አጥንት መጠበቅ፣ መጠገንና ማጥናት እንደ ሐኪምነት ተምረው የሚይዙት ሙያ መሆኑንም አትደብቋቸው። ያን ሙያ የያዘ ልጅ ካለን፣ አጥንቷ ወጥታ ስትመለስ እኛም አብረን እናተርፋለን።