ዲሹን ከጣራ ለማውረድ አትቸኩሉ

የዛሬው ረዘም ይላል። ፓኬጃችሁን ግን አይበላም፤ ጽሑፍ ነውና አትስጉ።

ሰሞኑን ዳምቦያ ላይ አንድ ነገር በዝቷል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆቻችን ገንዘብ ይልካሉ፤ በገንዘቡ ስማርት ቲቪ ይገዛል። ቲቪው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ማግስት ከጆሃንስበርግ በኢሞ ይደወልና «በቃ ያንን ዲሽ አውርዱት፤ ጊዜው አልፎበታል፤ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» ይባላል። ዲሹ ይወርዳል። ከሁለት ወር በኋላ እዚያ ቤት ቡና ተጠርታችሁ ስትሄዱ ቲቪው ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ልጆቹ በየጥጉ አንገታቸውን ስልክ ላይ ደፍተዋል፤ እናትየው ብቻቸውን ያፈላሉ።

ምክሩ ከክፋት አልመጣም። ልጁ ባለበት አገር በወር አንዴ ይከፈልና ዋይፋይ ሌት ተቀን ይለቀቃል። አንድ ሰዓት አየህ አሥር ሰዓት፣ ሂሳቡ ያው ነው። እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በሞባይል ዳታ ነው፤ በሜጋባይት ተመትሮ የሚሸጥ። ስለዚህ «ዲሽ ቀረ» የሚለው ምክር እዚያ ትክክል ሆኖ እዚህ ሲደርስ ስህተት ይሆናል።

ሒሳብ ባላስተምርም እስቲ እናስላ። በመካከለኛ ጥራት፣ 360 በሚባለው፣ አንድ ሰዓት ዩቲዩብ በግምት 300 ሜጋባይት ይወስዳል። ቤተሰቡ በቀን ሦስት ሰዓት ቢያይ በወር 27 ጊጋ ነው። ያውም 360 በትልቅ ስማርት ቲቪ ላይ ሲታይ የሰው ፊት አይለይም፤ ጥራቱን ከፍ ካደረጋችሁት ሦስትና አራት እጥፍ ይሄዳል። ዲሽ ግን ሳህኑና ሪሲቨሩ አንዴ ከተገዙ ነፃዎቹን ቻናሎች ለማየት በወር የሚከፈል የለም። ጎረቤት ተሰብስቦ ቢያይም አይጨምር፣ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ቢውልም አያልቅ። ቻናሎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ እንኳ ወጪያችን ሳህኑን ለሚያዞረው ልጅ የተሰጠችው ብር ነበረች። (ያኔ ዲሽ የሚሠሩ ልጆች ከጣራ ጣራ ሲዘሉ ነው የሰነበቱት።)

ኔትፍሊክስስ የሚል አለ። ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአብዛኛው ዓለም አገልግሎቱን የከፈተው በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ነው። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እዚህ ስንቱ ሰው ነው በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው? ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዶላር በብር ሲታሰብ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ኳሱንም ቢሆን ወጣቱ ዛሬም ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ነው የሚያየው። በስልክ ሊንክ ፈልጎ የሚያይ ሰው ጎሉን ከዲኤስቲቪ ቤቱ ጩኸት ነው ቀድሞ የሚሰማው።

አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም። ዲሹ በአረብኛም በእንግሊዝኛም አሰምቶናል። በ2008 ቃና መጥቶ የቱርክ ድራማ በአማርኛ አናገረን፤ እናቶቻችን የኢስታንቡልን ሰፈር ከዱራሜ በላይ አወቁት። በገዛ ቋንቋችን፣ በከምባትኛ፣ ዘፈኑንና መዝሙሩን በፈለግነው ሰዓት ያመጣልን ግን ዩቲዩብ ነው። የሆሳዕና ወዳጆቼም ስለ ሀዲይኛ ይህንኑ ይሉኛል። ለዚህ ሲባል ጊጋ ቢወጣ አልከራከርም። መብራት ሲጠፋም ቻርጅ ያለው ስልክ ነው የሚያጫውተን፤ ዲሹም ቲቪውም ያን ሰዓት ጌጥ ናቸው።

ታዲያ ክርክሬ ከኢንተርኔቱ ጋር አይደለም። ነገሩን ገልብጠን መያዛችን ነው የሚያበሳጨኝ። መዝናኛ ላይ ርካሽ አማራጭ እያለን ዳታውን እዚያ እናፈሳለን። ሥራ ላይ፣ ኢንተርኔቱ እውነተኛ ገንዘብ በሚያድንበት ቦታ፣ እንሰስታለን።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚሁ ዳምቦያ ሱቅ አለው። ጎበዝ ነጋዴ ነው፤ ብልጥም ነው። ቀን ቀን ቲክቶክ ያያል። ዱቤውን ግን በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው የሚጽፈው። «ለምን በስልክህ አትይዝም?» ብለው «ቲቸር፣ ኮምፒውተርና የሂሳብ ሶፍትዌር ለመግዛት ገና ነኝ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ! ምንም መግዛት እኮ የለበትም። ድሮ ሂሳብ በኮምፒውተር ለመያዝ ማሽኑን መግዛት፣ ፕሮግራሙን ማስጫን፣ ቫይረስ ሲገባው ሆሳዕና ድረስ ተሸክሞ መሄድ ነበረበት። ዛሬ የጉግል ሠንጠረዥ በስልክ በነፃ ይከፈታል። ስልኩ ቢሰረቅ ሂሳቡ አይሰረቅም፤ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን እስካልረሳ ድረስ በሌላ ስልክ ይከፍተዋል። ሠንጠረዡ ከከበደው የዱቤ ደብተሩን ማታ ማታ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለራሱ መላክ ይችላል። በቀን ሃያ ፎቶ ቢልክ፣ ቴሌግራም ስለሚያሳንሳቸው፣ በወር ወደ 90 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ይህም ከላይ ባሰላነው የ18 ደቂቃ ዩቲዩብ ማለት ነው። አስቡት፤ የአንድ ሱቅ የወር መዝገብ ከአንድ ድራማ ግማሽ ያንሳል።

በርበሬ ነጋዴውም እንዲሁ። ሃላባ ላይ ዋጋው ስንት እንደዋለ ሳያውቅ ጭኖ ከሚሄድ፣ ሁለት ፎቶና አንድ የድምፅ መልእክት ልኮ ቢጠይቅ የመኪና ኪራዩን ያተርፋል።

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ፣ ኤምፔሳም ከነሐሴ 2015 ወዲህ አሉ። የቴሌብር ደንበኞች ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ነዳጅ እንኳ በዲጂታል ክፍያ ከሆነ ቆየ። ብር በከረጢት ይዞ ሻሸመኔ ድረስ የሚሄድ ነጋዴ ካለ ዛሬ ምክንያቱ ልማድ ብቻ ነው።

እሺ፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋስ? ይህ ቀልድ አይደለም፤ አይተነዋል። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ወደ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታግደው ሰው ሁሉ ቪፒኤን መጫን ተማረ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ በቴሌግራም ይሸጥ የነበረ ነጋዴ ገበያው በአንድ ሌሊት ደረቀበት። በመጋቢት 2016 ደግሞ ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖ ሳለ የንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጥሞት አገልግሎቱ ለሰዓታት ቆሞ ነበር። በዚያች ቀን ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር ያልነበረው ሰው ሚሊየነርም ቢሆን ሻይ አልጠጣም።

እኔ ከዚህ የተማርኩት «ተዉት» የሚለውን አይደለም። ለሁሉም ምትክ ማስቀመጥን ነው። የወረቀት ደብተሩ አይጣል፤ ፎቶው የደብተሩ ምትክ ይሁን፣ ደብተሩም የፎቶው። ሥራ የሚያስቆም ነገር ሁሉ አንድ መተግበሪያ ውስጥ አይታጨቅ። የደንበኛ ስልክ ቁጥር ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ከሆነ ቴሌግራም ሲታገድ ደንበኛውም ታገደ ማለት ነው፤ ሲም ላይ ወይ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ዳታ ሲጠፋ *127# ብላችሁ ቴሌብርን፣ *889# ብላችሁ ንግድ ባንክን መጠቀም ይቻላል፤ የስልክ ኔትወርክ ካለ ይበቃቸዋል። ብዙ ሰው ግን መተግበሪያውን ከለመደ ወዲህ ይህችን ቁጥር ረስቷታል።

አንዲት ነገር ደግሞ ለባለሱቆች። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ሲያሳያችሁ የእሱን ስክሪን አትመኑ። ያንን መልእክት ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሌባ አለ። በራሳችሁ ስልክ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፤ ገበያ ሞቅ ባለበት ሰዓትም ቢሆን ይጠብቅ። ዘመዴ ነው፣ አፍራለሁ አትበሉ። እውነተኛ ዘመድ ሁለት ደቂቃ ቢቆም አይቀየምም።

ወደ ቤታችን ስመለስ፣ ስማርት ቲቪውን የገዛችሁ አትቆጩ። ጎኑ ላይ የፍላሽ ቀዳዳ አለው። ዱራሜ ወይ ሆሳዕና ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ የምትፈልጉትን አንዴ አውርዱ፤ ፍላሽ ላይ አድርጉት፤ ቤተሰብ አሥር ጊዜ ይየው። ጎረቤት ልጅ ስልኩ ላይ ያወረደው ካለም በዘንደር ያለ ዳታ ይቀባበሉ። ድሮ ሚሞሪ እናስሞላ አልነበረም እንዴ? ያው ነው። ዜናና ድራማ በዲሽ፣ የቋንቋችን ዘፈንና መዝሙር በፍላሽ፣ ጊጋው ለሱቅና ለልጆች ትምህርት። ልጁ የፊዚክስ ማብራሪያ አጥቶ ታላቁ ቀልድ ሲያይ የሚያድርበት ቤት ስንት እንደሆነ እኔ አስተማሪው አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚያንቀላፋ አያለሁ።

ጆሃንስበርግ ያላችሁ ልጆቼ፣ በዚህ ጽሑፍ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሳቁ ግዴለም። ለመሳላ የምትመጡ ካላችሁ ግን ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ እዚያው በዋይፋያችሁ ሞልታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የከምባትኛው መዝሙርም ከመሃል አይጥፋ። ዲሹን እኔው ራሴ ጣራ ላይ መልሼ አሰቅላለሁ።