ስክሪን የገዛ መለዋወጫውንም ይግዛ

ሰሞኑን አርባ ምንጭ ሲቀላ በሚገኝ አንድ ሆቴል በር ላይ የተሰቀለ የኤልኢዲ ማስታወቂያ ተመልክተን ነበር፡፡ ቀያዮቹ ፊደላት ተንሸራተው ይመጡና መሀል ላይ ካለችው ጥቁር ካሬ ሲደርሱ ድርግም ብለው ይጠፋሉ፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ ብቅ ይላሉ፡፡ ባለቤቱን ብንጠይቃቸው ችግሩ ከጀመረ ወራት ማለፉን፣ የሸጠላቸው ነጋዴ አዲስ አበባ መሆኑን፣ የባለሙያው አበልና መጓጓዣም ከዕቃው ዋጋ እንደሚበልጥ ነገሩን፡፡ እንግዳ እንዲጠራ የተሰቀለው ሰሌዳ «ይህ ቤት የተበላሸ አይጠግንም» እያለ በየማታው ያሳጣቸዋል ማለት ነው፡፡

በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የዕቃው ብቻ ሳይሆን የግዢውም ጭምር ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ በተመረቀው መስቀል አደባባይ የቆሙት ትልልቅ ስክሪኖች ቢበላሹ ባለሙያው በታክሲ ይደርሳል፡፡ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ የአርባ ምንጭ ወይም የጨንቻ ነጋዴ ግን እንደ አዲስ አበባው ሊገዛ አይገባውም፡፡

ስክሪን ከሩቅ ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ የትናንሽ ሰሌዳዎች ስብስብ ነው፡፡ በየሱቁ በብዛት የሚታየው ዓይነት አንዱ ሰሌዳ 32 በ16 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 512 የብርሃን ነጥቦች አሉት፡፡ አንድ ሰሌዳ ብቻ ሲጨልም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ ገመድ ነው፡፡ ጎረቤታሞች ሰሌዳዎች አብረው ሲጠፉ 220 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚለውጠው ፓወር ሳፕላይ ይታያል፡፡ ምስሉ ሲተረማመስ ደግሞ ካርዱ ይፈተሻል፡፡ ይህ ሁሉ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግን ሰው በአጭር ሥልጠና ሊሠራው የሚችል ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲ ባለባት ከተማ በኤሌክትሪክ ሙያ የሠለጠነ ወጣት ጠፍቶ አይደለም፤ ሥራውን ያሳየው ስለሌለ እንጂ፡፡

የአካባቢው አየርም የራሱ ጣጣ አለው፡፡ ቀኑ ሞቃት ነው፤ ዝናቡም በሚያዝያና በግንቦት ጥሎ በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል፡፡ አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው ሙቀቱ ፓወር ሳፕላዩን ያቃጥላል፤ ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው በፊት ሳይሆን በጀርባና በገመድ ቀዳዳ ነው፡፡ ስለዚህ ከዝናቡ በፊት ጀርባውን ከፍቶ መጥረግና ቀዳዳውን መድፈን፣ በዝናብ ወራትም ስክሪኑን ለሳምንታት አጥፍቶ አለመተው ያስፈልጋል፤ ሲበራ የሚፈጥረው ሙቀት እርጥበቱን ያደርቀዋልና፡፡ የመሬት ሽቦና የመብረቅ መከላከያም እንደ ቅንጦት መታየት የለባቸውም፡፡

ዋናው ነገር ግን ውሉ ነው፡፡ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፡፡ አንደኛ፣ ከመቶ ሰሌዳ 5 ያህል መጠባበቂያ አብሮ ይግዛ፡፡ በኋላ የሚመጣ ሰሌዳ ከሌላ ምርት ስለሚሆን ቀለሙ ከቀድሞው ጋር አይገጥምም፤ ስክሪኑም እንደ ተጣፈ ሸማ ይሆናል፡፡ አንድ ፓወር ሳፕላይና አንድ ካርድም ይጨመሩ፡፡ ሁለተኛ፣ የስክሪኑ አሠራር የተመዘገበበትን ፋይል በፍላሽ ይረከብ፤ ያለዚያ አዲስ ካርድ የሚተክለው ሰው በግምት ይደክማል፡፡ ሦስተኛ፣ ተከላው ሲካሄድ አንድ የከተማው ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ይማር፡፡

ይህ ገንዘብ ማሰር ነው የሚሉ ይኖራሉ፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሆነውን ያስታውሱ፡፡ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፡፡ ያኔ መጠባበቂያ በመደርደሪያው የነበረው ነጋዴ ገንዘቡን አላሰረም፤ አዳነ እንጂ፡፡ ሻጩ ዋስትና ሰጥቶኛል የሚሉም ቢኖሩ፣ ዋስትናው ዕቃውን ብቻ ወይስ የባለሙያውን መንገድ ጭምር እንደሚሸፍን ወረቀቱን አውጥተው ያንብቡ፡፡

በጨረታ ስክሪን ለሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም የምንለው ይኸንኑ ነው፡፡ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ በዓመቱ ከጨለመ ውድ ነው፡፡ አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለዚህ ነው፡፡