የትኛውን አሜሪካዊ ነው የምንኮርጀው?



ፕሬዘንቴሽን በደረሰ ቁጥር ክላስ ውስጥ የሚደጋገም ነገር አለ። ትምህርቱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ልጅ ስላይዱን ሠርቶ ይጨርስና ማቅረቡን ለሌላ ይተዋል፤ «የኔ አክሰንት ያስቃል» ይላል። የሚያቀርበው ደግሞ ፊልም እያየ ምላሱን ማጠፍ የለመደ ነው፤ የሚናገረው ነገር ባዶ ቢሆንም «እንግሊዝኛው አሪፍ ነው» ተብሎ ይጨበጨብለታል። በተለይ ከገጠር የመጡ እህቶቻችን በዚህ ምክንያት ሴሚስተሩን ሙሉ ዝም ብለው ያልፋሉ። እኔ ይህን ልማድ አልቀበለውም። የምንኮርጀው «ትክክለኛ የአሜሪካ አክሰንት» ከየት እንደመጣ ለተመለከተ ሰው፣ ትክክለኛነቱ ራሱ የሚያጠራጥር ነው።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ለፊደል መኽረጅ እንጠነቀቃለን። ዷድን እንደ ዳል ያነበበን ልጅ ኡስታዙ ያስቆመዋል። ልክም ነው፤ አቀራሩ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ በሰነድ ተጠብቆ የመጣ ነውና። ይህንኑ ጥንቃቄ ሳናስበው ወደ እንግሊዝኛም የምናመጣው ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ሰነድ የለውም። አነጋገሩን የወሰነው ማን የት ሰፈረ፣ ማን ከማን ጋር ነገደ የሚለው ነው።

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰዎች ከአንድ ቦታ አልተነሱም። የታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ሃኬት ፊሸር በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ አራት ትልልቅ ፍልሰቶችን ይለያል። ፒዩሪታኖች በብዛት ከምሥራቅ እንግሊዝ ወደ ማሳቹሴትስ ሄዱ። ከደቡብ እንግሊዝ ባለርስቶችና የኮንትራት አገልጋዮች ወደ ቨርጂኒያ፣ ኩዌከሮች ከመካከለኛውና ከሰሜኑ እንግሊዝ ወደ ፔንሲልቬኒያ፣ በመጨረሻም ከስኮትላንድ ድንበርና ከሰሜን አየርላንድ የተነሱት ወደ አፓላቺያ ተራሮች። እርግጥ ማንም አክሰንቱን በሻንጣ ጠቅልሎ እንዳለ አላደረሰውም፤ በየቦታው ተቀላቅሏል። መሠረቱ የተጣለው ግን ያኔ ነው። ፔንሲልቬኒያና ዊስኮንሲን በኋላ ስንትና ስንት ጀርመናዊ ቢጎርፍባቸውም እንግሊዝኛቸው ጀርመንኛ አልሆነም፤ ልጅ አነጋገሩን ከወላጁ ይልቅ ከጓደኞቹ ይወስዳልና። ዋሽንግተን አካባቢ ተወልደው ያደጉ የሀበሻ ልጆችን እንግሊዝኛ የሰማ ይህን ለማመን አይቸገርም።

እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ደስ የሚለኝ የኤሪ ቦይ ታሪክ ነው። በ1825 ተመርቆ ከአልባኒ እስከ ባፋሎ 584 ኪሎ ሜትር ያህል ሲዘረጋ፣ የኒው ኢንግላንድና የኒውዮርክ ሰዎች በጀልባ እየተሳፈሩ ወደ ክሊቭላንድ፣ ዲትሮይትና ቺካጎ አካባቢ ሄደው ሰፈሩ። ከሲራኪዩስ እስከ ቺካጎ ባሉት ከተሞች የአናባቢዎች አጠራር የሚመሳሰለው ከዚህ የተነሣ ነው። ቦዩ የተቆፈረው ለእህል ነበር፤ አክሰንትም አብሮ ፈሰሰበት።

በ«ር» ላይ ትንሽ ልቆይ። ከቀደምት ሰፋሪዎች አብዛኞቹ «ካር» ሲሉ የመጨረሻዋን ር ይጠሯት ነበር። ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ለንደን ውስጥ ርን መጣል የጨዋ ሰው አነጋገር እየሆነ መጣ። ከለንደን ጋር በመርከብ የሚነግዱት ወደቦች፣ ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ቻርለስተን፣ ፋሽኑን ተከተሉ። ወደ መሃል አገር የዘለቀው ገበሬ የለንደንን ሰው የሚሰማበት አጋጣሚ ስላልነበረው ርን ይዞ ቀረ። (ፊላደልፊያ ወደብ ሆና ሳለ ርን አልጣለችም፤ ሁሉም ነገር በቀመር አይሄድም።) እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በምሥራቁ ጠረፍ ርን መጣል የተማረና የሀብታም ሰው ምልክት ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንኳ በሬዲዮ ሲናገሩ ይጥሏት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የቋንቋ ተመራማሪው ዊልያም ላቦቭ በ1962 በኒውዮርክ ሦስት መደብሮች እየዞረ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን የሚያውቀውን ዕቃ የት እንደሚገኝ ሠራተኞቹን ይጠይቅ ነበር። ፈልጎ ነው፤ «ፎርዝ ፍሎር» የሚለው መልስ ሁለት ር አለበት። ከዚያ ያልሰማ መስሎ ያስደግማቸዋል። ውድ በሆነው ሳክስ 62 በመቶ፣ በመካከለኛው ሜሲስ 51 በመቶ፣ በርካሹ ክላይን ደግሞ 20 በመቶ የሚሆኑት ርን ሁልጊዜ ወይም አንዳንዴ ጠሯት። ሩዝቬልት የሚጥሏት ር በሃያ ዓመት ውስጥ የውድ መደብር ድምፅ ሆና ቁጭ አለች! እኛም ዛሬ ምላሳችንን የምናጥፈው ለዚህችው ር ነው።

በግድ የተወሰዱትም አሉ። በሳውዝ ካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ ደሴቶች ጉላ የሚባል ንግግር አለ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ተይዘው በሩዝና በጥጥ እርሻ በባርነት የሠሩ ሰዎች ዘሮች የሚናገሩት። ለረጅም ጊዜ «የተበላሸ እንግሊዝኛ» ይባል ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሎሬንዞ ዳው ተርነር በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በውስጡ ከአፍሪካ ቋንቋዎች የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞችና ቃላት እንዳሉ አሳየ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። በጆርጂያ ሳፔሎ ደሴት በባርነት የኖሩት ቢላሊ ሙሐመድ በዓረብኛ የጻፉት አጭር የፊቅህ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ ይዘቱ በአብዛኛው ከማሊኪዎቹ ኪታብ ከሪሳላ የመጣ ነው። ከአገራቸው ተነቅለው፣ ኪታብ በእጃቸው ሳይኖር፣ የቀሩትን በወረቀት ያሰፈሩ ሰው ናቸው። የደሴቶቹ ልጆች ንግግር ግን ያለማወቅ ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጆን ባው የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1999 ባወጣው ጥናት፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ቤት ለሚያከራዩ ሰዎች እየደወለ አንዴ በጥቁር አሜሪካውያን፣ አንዴ በሜክሲኮ አሜሪካውያን፣ አንዴ በነጮች አነጋገር ቤቱን ማየት እንደሚፈልግ ይጠይቅ ነበር። ሰውየው አንድ፣ ጥያቄው አንድ። ነጮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች በመጀመሪያዎቹ ሁለት አነጋገሮች ሲደውል ቀጠሮ የሚሰጠው በነጮች አነጋገር ከሚደውልበት ያነሰ ነበር። ፊቱን ያየ ሰው የለም።

ክላስ ውስጥ የምንስቀው ሳቅ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። አድማጭን የሚያደናግር አጠራር ሌላ ጉዳይ ነው፤ አጭሩንና ረጅሙን «ኢ» ያልለየ ሰው መርከቡን በግ ያደርገዋል፤ ቃሉ ውስጥ ድምፅ የሚበረታበትን ቦታ የሳተም አይሰማም። እሱን በልምምድ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ በጀመዓችን የጥናት ቡድኖችም ልንረዳዳበት እንችላለን። ርን ማጠፍ ግን ለስላይዱ የሚጨምርለት አንዳች ነገር የለም። በሚቀጥለው የግሩፕ ሥራ ማን ያቅርብ ሲባል፣ ካልኩሌሽኑን የሠራችው እህት ታቅርበው።